የመጀመሪያ ድል ምስክርነት

በአዳማ ከተማ፥ ቀድሞ ናዝሬት እንላት በነበረችው፥ በየዓመቱ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲከፈት አንድ ነገር ሳይቀር ይደገማል። ከዚያ በፊት ስሙን ማንም ያልሰማው አንድ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች ከሁሉ በልጦ ይታያል። በማግስቱ ስሙ በየሻይ ቤቱ ይነሣል፤ ታናናሾቹ አረማመዱን ሳይቀር ይኮርጃሉ፤ አባቱም በመንገድ ሲያልፍ ከወትሮው ይልቅ ብዙ ሰላምታ ይቀርብለታል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት ስማቸው ተረስቶ፥ ጥቂቶቹ ብቻ በእውነት ከፍ ብለው ይገኛሉ። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመምህርነት ስኖር ይህን ነገር አይቼዋለሁ፤ ከተመልካቾቹም ጋር አብሬ ጮኼአለሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ልነግርህ የፈለግሁት ያ የሚያልፈው ከዚያ ከሚጸናው በጊዜ ሊለይ ይቻል እንደ ሆነ ነው። የምጀምረውም በአገራችን ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ባስደነቀው የመጀመሪያ ድል ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ ይኸውም የእንቍጣጣሽ ዋዜማ፥ ከክብር ዘበኛ ሠራዊት የሆነ አበበ ቢቂላ የሚባል ወታደር በሮማ ከተማ በማራቶን ሮጠ። ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ነበርና የመጨረሻው መንገድ ችቦ በያዙ ወታደሮች ብርሃን ይታይ ነበር። አበበ በባዶ እግሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ኢጣልያኖች ከአገራችን ወስደው በሮማ አቁመውት ከነበረው፥ በ1997 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ከተመለሰው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ከሞሮኮው ከራዲ ቤን አብደሰላም ተለይቶ ገሠገሠ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ፈጸመው፤ ከዚያ በፊት በዓለም ላይ በዚህ ርቀት ከዚህ የፈጠነ ሰዓት አልተመዘገበም።

ለአብዛኛው ዓለም ይህ ድል ከሰማይ የወረደ ነገር ነበር። ሰውየውን የሚያውቀው አልነበረምና እያንዳንዱ የመሰለውን ምክንያት ሰጠ፤ አንዱ በባዶ እግር መሮጡን፥ ሌላው የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር፥ ሌላው ዕድልን። ስለማናውቀው ሰው ስንፈርድ ዓይናችን የሚያርፈው ከሁሉ ይልቅ እንግዳ በሆነው ነገር ላይ ነውና፥ ባዶ እግሩ ከእግሩ ይልቅ ስም አወጣ።

አንድ ሰው ግን ብዙ የተደነቀ አይመስለኝም። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ከሮማው ውድድር ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አበበ በአዲስ አበባ ማራቶን ሲሮጥ ሰዓቱን ይዞ ነበር። የተገኘውም 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰኮንድ ነው። ይህ ቍጥር በ1952 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካቆመው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ያነሰ ነበር። ሄልሲንኪ በባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ስትሆን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ከቆላው ይልቅ ይዘገያል። እንግዲህ ያንን ሰዓት በከፍታው ላይ ያመጣ ሰው ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ ምን ያህል ይፈጥናል? ኒስካነን ጥያቄውን በወረቀት ላይ ሊያሰላው ይችል ነበር። ድሉ ድንገተኛ የነበረው ወረቀቱን ላላዩት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ብዙ ሰው ይዘላቸዋል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን የሚጠቅሙት እነርሱ ናቸው። አበበ በ1961 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአቴና፥ በኦሳካና በኮሺትሴ ሮጦ ሦስቱንም አሸነፈ። በ1963 ወደ አሜሪካ፥ ወደ ቦስተን ሄዶ ግን አምስተኛ ወጣ። በመጀመሪያው ክፍል ከጓደኛው ከማሞ ወልዴ ጋር እጅግ ፈጥነው ሲመሩ ቆይተው፥ በመጨረሻው ብርዱና ነፋሱ አደከማቸው። እርሱ ማራቶን ጀምሮ ሲፈጽም ሳያሸንፍ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ልብ በል፤ በሮማ ዕድል ረድቶታል ይል ለነበረ ሰው ቦስተን ማረጋገጫ ሊመስለው ይችላል። አምስት ውድድር ቆጥሮ አራቱን ረስቶ አንዱን የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ የሚፈልገውን ያገኛል።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የቶኪዮ ማራቶን ሆነ። እኔ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ፥ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ። ወሬው ሲደርስ ግቢው በጩኸት ተሞላ፤ ደወል ቢደወልም ወደ ክፍል የሚገባ ጠፋ። የሒሳብ መምህራችን እስክንበርድ ታገሠንና በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ቍጥሮች ጻፈ፤ ከላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ፥ ከታች 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ። «ቀንሱ» አለን። 3 ደቂቃ ከ5 ሰኮንድ አገኘን። ቀጥሎም «በሮማ በባዶ እግሩ ነበረ፤ በቶኪዮ ጫማ አድርጓል። እንግዲህ በሮማ ያሸነፈው ባዶ እግሩ ነበረን?» ብሎ ጠየቀ። ለስምንት ዓመት ልጅ የማይረሳ ጥያቄ ነው። ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ በፊት አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት እንደ ነበር የሰማነው ደግሞ ኋላ ነው። ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞታል፤ በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ያ መምህር እንደ ስፖርት አለቃም ያገለግለን ነበርና ሰማያዊ ደብተር ነበረው። እያንዳንዳችን በሮጥን ቍጥር ርቀቱን፥ ሰዓቱን፥ የሜዳውን ጭቃነት ሳይቀር ይጽፍበታል። የተሸነፍንበትንም ቀን ይጽፋል፤ እንዲያውም ያን ቀን ረዘም አድርጎ የሚጽፍ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ከሩጫ ወደ ኳስ እንሻገር፤ ሁለቱ እኩል የሚመሰክሩ አይደሉምና። ማራቶን ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት የሚቆይ ፈተና ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሰውዬው እንደገና ይመዘናል፤ ስለዚህ አንድ ማራቶን ብቻውን ብዙ ምስክር አለው። በእግር ኳስ ግን በዘጠና ደቂቃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጎል ነው የሚቆጠረው። ኳሷ የብረቱን ምሰሶ ነክታ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ብትሄድ የጣት ውፍረት ያህል ልዩነት ነው፤ ውጤቱ ግን ለአንዱ ዋንጫ ለሌላው ሐዘን ይሆናል። እንዲህ ባለ ጨዋታ ሁለትና ሦስት ግጥሚያ የሚናገሩት ጥቂት ነው።

ለዚህ የራሳችን የአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ ይበቃል። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውድድር በካርቱም ሲደረግ የተዘጋጁት አራት አገሮች ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መለያየት ፖሊሲዋ ምክንያት ከውድድሩ ስለ ወጣች ከእርስዋ ጋር የተመደበችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። መዝገቡ «ሁለተኛ» ይላል፤ አንድም ግጥሚያ ሳያሸንፉ የተገኘ ሁለተኛነት! ከዚያ በ1954 ዓ.ም. ውድድሩ በአዲስ አበባ ሆነ። ቡድናችን በመጀመሪያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈ፤ ጥር 13 ቀን ደግሞ በፍጻሜው ከግብፅ ጋር ተጋጥሞ ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ እኩል ከሆነ በኋላ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ረታ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፥ ወንድሙ ኢታሎ፥ ግርማ ተክሌና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አገቡ። እነዚህ ሰዎች ታላቅ ተጫዋቾች ነበሩ፤ የሚክድ የለም። ነገር ግን የአፍሪካ ሻምፒዮን ያደረጉን ግጥሚያዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም በገዛ ሜዳችን፥ በገዛ ሕዝባችን ፊት፥ አየሩን በለመድነው ከፍታ። በሚከተለው ውድድር በጋና አራተኛ ወጣን፤ በ1960 ዓ.ም. እንደገና በአገራችን ተደርጎ አራተኛ፤ ያ ዋንጫም እስከ ዛሬ አልተደገመም። በ1974 ዓ.ም. ከተካፈልን በኋላ ወደዚያ ውድድር የተመለስነው ከ31 ዓመት በኋላ፥ በ2005 ዓ.ም. ነው። የ1954ቱን ደስታ ላሳንሰው አልሻም፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ ያወራው ነበር። ነገር ግን በዚያ ዓመት «ከእንግዲህ አፍሪካ የእኛ ናት» ብሎ የፈረደ ሰው በሁለት ቀን ላይ ሠላሳ ዓመት ጭኖ ነበር።

ይህን ነገር ከሁሉ አብልጠው የመረመሩት አሜሪካኖች ናቸው፤ የመረመሩትም ቤዝቦል በሚባል ጨዋታቸው ነው። በቤዝቦል አንዱ ኳስ ይወረውራል፥ ሌላው በያዘው ዱላ ሊመታት ይሞክራል። የገናን ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ዱላና ኳስ እንግዳ አይሆኑበትም፤ ሕጉ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በ100 ሙከራ 30 ጊዜ የሚሳካለት መቺ እጅግ ጐበዝ ይባላል። አንድ ቡድን በአንድ ዓመት 162 ግጥሚያ ስለሚያደርግ ቍጥር አይጎድልባቸውም። በየዓመቱ ሚያዝያ ወር ላይ፥ ውድድሩ ገና ሲከፈት፥ ከመቶ 40 የሚመታ ሰው ብቅ ይላል፤ ጋዜጦችም ይጮኻሉ። በሁለቱ ታላላቅ ሊጎቻቸው ግን ዓመቱን ሙሉ ከመቶ 40 በላይ ጠብቆ የፈጸመ ሰው በ1941 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከቴድ ዊሊያምስ ወዲህ አልተገኘም።

ብራድሊ ኤፍሮንና ካርል ሞሪስ የሚባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በ1970 የነበሩትን 18 መቺዎች ወሰዱ። እያንዳንዱ ገና 45 ጊዜ ብቻ ሞክሮ ነበር። ከእነርሱ ቀዳሚው የፖርቶ ሪኮው ተወላጅ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ከ45ቱ 18ቱን መቶ ነበር፥ ይኸውም ከመቶ 40፤ መጨረሻ የነበረው ማክስ አልቪስ ደግሞ 7 ብቻ፥ ማለት ከመቶ 16 ያህል። የ18ቱ አማካይ ከመቶ 27 ገደማ ነበር። ሊቃውንቱ በቀረው ዓመት እያንዳንዱ ስንት እንደሚመታ ሲተነብዩ የላይኛውን ወደ አማካዩ ዝቅ፥ የታችኛውን ወደ አማካዩ ከፍ አደረጉ። ዓመቱ ሲያልቅ ስሕተታቸው በሒሳብ ደንብ ሲደመር፥ የመጀመሪያውን ቍጥር እንዳለ ካመነ ሰው ስሕተት ሢሶውን እንኳ አልሞላም። ምክንያቱ ለማስተዋል አያስቸግርም። በጥቂት ሙከራ ከሁሉ በላይ የታየው ሰው ጐበዝ ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰሞን ዕድል የቀናውም ነው፤ ጉብዝናው አብሮት ይቆያል፥ ዕድሉ ግን ለሌላው ይሻገራል። ከታች ያለውም እንዲሁ፤ አልቪስ በቀረው ዓመት ከመቶ 20 መታ።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ አድርግልኝ፤ እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ስለዚህ ነው። ሒሳቡ ለክሌሜንቴ የሰጠው ከመቶ 29 ነበር፤ እርሱ ግን በቀረው ዓመት ከመቶ 35 ያህል መታ። ሒሳቡ በእርሱ ላይ የተሳሳተው ያለፈ ታሪኩን ስላልጠየቀ ነው። ክሌሜንቴ ከዚያ በፊት አራት ዓመት በሊጉ የመቺዎች ቀዳሚ ሆኖ የፈጸመ ሰው ነበር፤ 45ቱ ሙከራዎች ከእነዚያ ዓመታት ጋር ቢደመሩ ኖሮ ማንም ወደ 29 ባላወረደው ነበር። (ይህ ሰው በ1972 መጨረሻ በኒካራጓ የመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱት ርዳታ ጭኖ ሲሄድ አይሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። ከቍጥሩ ይልቅ ይህ ሥራው ቢታወስለት ይሻላል።)

ያለፈው ታሪክ ብቻውንም አይበቃም፤ የተመዘነው ነገር ሳይለወጥ መቆየቱም መታየት አለበት። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ እንዳደገ በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። ያ ሠላሳ ግጥሚያ ነው፤ ዕድል ብቻ ሊባል አይችልም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ያው ክለብ ከሊጉ ወረደ። ክለብ ስም ነው፤ በስሙ ሥር ያሉት እግሮች፥ አሠልጣኙና ገንዘቡ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ።

በስምጥ ሸለቆው፥ ከሞጆ እስከ መቂና ዝዋይ ባለው አገር የሚኖሩ ገበሬዎች ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። በመጋቢት የበልጉ ዝናብ ሁለት ቀን በኃይል ሲጥል ወጣቱ ገበሬ በቆሎውን ይዘራል። ሽማግሌው ግን ወደ ማሳው ወጥቶ በእጁ ይቈፍራል፤ እርጥበቱ ጥቂት ብቻ ወርዶ ከሥሩ ደረቅ አፈር ካገኘ እጁን አራግፎ ይመለሳል። ግንቦት ደርቆ የወጣቱ ቡቃያ ሲጠወልግ ያየሁባቸው ዓመታት አሉ፤ ዘሩን የተበደረው ከጎረቤት ነበርና ዕዳው ቀረበት። ደግሞ ዝናቡ የቀጠለበትና ሽማግሌው የዘገየበት ዓመትም አለ። እንዲህ ባለ ዓመት ሽማግሌው ያፍራል፥ ዘሩ ግን በጎተራው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንዴት ይሳሳታል ትለኝ ይሆናል። በ1976 ዓ.ም. እኔ የ27 ዓመት መምህር ነበርሁ፤ ናዝሬትም የይረርና ከረዩ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ የሆነ አንድ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ግጥሚያዎች ሰባት ጎል አገባ። ቀጭን፥ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ በትምህርቱም መካከለኛ፥ በጂኦግራፊ ግን ጥሩ። ከተማው ስለ እርሱ ብቻ ያወራ ጀመር። በአካባቢው ካሉት የፋብሪካ ክለቦች የአንዱ ሰዎች መጥተው ጠየቁኝ። እኔም በገዛ እጄ የምስክርነት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ «እንዲህ ያለ ተጫዋች በዚህ ከተማ አልታየም» የሚል ቃል እንዳለበት አስታውሳለሁ። በከተማው ገና የሁለት ዓመት ነዋሪ ነበርሁ። አባቱ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ፥ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ «ትምህርቱን ይጨርስ» አሉ። ሁለት ምሽት ሄጄ ያግባባኋቸው እኔ ነኝ። በሦስተኛው «እርስዎ መምህሩ ካሉ» ብለው እሺ አሉ።

በክለቡ አንድ ዓመት ቆየ። በዚያ ዓመት በይፋ ግጥሚያ ያገባው አንድ ጎል ነው። በሰኔ አሰናበቱት፤ እነርሱን ልወቅስ አልችልም፥ ያመኑት የእኔን ደብዳቤ ነበር። ወደ ክፍል ተመልሶ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ አፈረ። በ1978 ዓ.ም. በብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደ። ተማሪ ሆኖ ቢቆይ ይቀርለት ነበር ብዬ በእርግጥ መናገር አልችልም፤ ያን ጊዜ የሚቀርለት ማን እንደ ሆነ ማንም አያውቅም ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሲመለስ የግራ ጉልበቱ አይታጠፍም ነበር።

ብዙ ዓመት ሸሸሁት። በመጨረሻ ብስክሌት ከሚጠግንበት ደጅ ላይ ድንገት ተገናኘን፤ ቡና አስመጣልኝ። ስለ ልጆቹ፥ ስለ ኑሮ ውድነት ተነጋገርን። ሊመሽ ሲል እኔው አነሣሁትና ስለዚያ ደብዳቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። የጎማ ልጣፉን እየፋቀ ዝም አለ፤ ቆይቶም ያለ ቍጣ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፥ ከሰባቱ ሁለቱ እኮ ፍጹም ቅጣት ምት ነበሩ። ሦስቱን ያገባሁ ቀን ደግሞ የእነርሱ በረኛ ታሞ ተከላካይ ነበር የቆመው። እርስዎም ሜዳው ላይ ነበሩ።»

እውነቱን ነው፤ ነበርሁ። ሰባት ሲቀነስ አምስት፥ ሁለት ይቀራል። በስምንት ዓመቴ በሰሌዳ ላይ የተማርሁትን መቀነስ በ27 ዓመቴ አላደረግሁትም። ለምን ቢሉ፥ ያገኘሁት እኔ ነኝ ማለት ስለ ጣመኝ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ፤ እኔ ግን ያስታጠቅሁት ሌላውን ሰው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌላ ስሕተት ያዘኝ፤ ማንንም ማመስገን ፈራሁ። ይህም ቢሆን ፍርድ አይደለም። ማሞ ወልዴ በ1956 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሜልቦርን ኦሊምፒክ በ800ና በ1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው እንኳ አላለፈም። ያን ቀን ያየው ሰው «ይህስ ሯጭ አይደለም» ቢል ማን ይፈርድበታል? በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ሆነ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በዚያው ርቀት ብር አገኘ፤ ጥቅምት 10 ቀንም አበበ በጉዳት ምክንያት ውድድሩን ሲያቋርጥ ማሞ ማራቶኑን አሸነፈ። ዕድሜው 36 ነበር። በመጀመሪያ የተመዘነው በማይስማማው ርቀት ነበረ፤ ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ሳለ የተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሳይጥሉ የጠበቁት ሰዎች ባይኖሩ ሜክሲኮ ላይ ማን ይሮጥልን ነበር?

ባለፈው ወር ጎረቤቴ፥ የባጃጅ ሾፌር ነው፥ ማታ ወደ ቤቴ መጣ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ በትምህርት ቤቶች ውድድር በ1,500 ሜትር ሁለት ጊዜ ተከታትላ አንደኛ ወጥታለች። አሰላ ወዳለው ወደ ጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ትሂድ ወይስ ትቆይ፥ ምከረኝ አለ። ዓይኖቹ የሚፈልጉትን መልስ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ስንት ልጆች አብረዋት እንደ ሮጡ ጠየቅሁት፤ በመጀመሪያው ቀን ስድስት፥ በሁለተኛው አሥራ አንድ። ሰዓቷንስ? አልተያዘም። ባለፈው ዓመት ሮጣ ነበርን? ሮጣ አራተኛ ወጥታ ነበር፤ ያንን ግን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የወደድሁት ያንን አራተኛ ነው፤ ከሜዳው ሳትርቅ አንድ ዓመት የቆየች መሆንዋን ያሳያልና። አሰላ ከአዳማ 700 ሜትር ያህል ከፍ እንደምትልም ነገርሁት፤ እዚህ በቆላው የተያዘ ሰዓት እዚያ እንዳለ እንደማይቆም፥ ስለዚህ ሄዳ በመጀመሪያው ወር ብትዘገይ እንዳያዝንባት።

«ታዲያ ትሂድ ነው ወይስ አትሂድ ነው የሚሉኝ?» አለ፤ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር።

የክፍሏን ዓመት እንድትጨርስ፥ እስከዚያም ሰዓቷን እንደምይዝላት ነገርሁት። ብዙም ደስ ሳይለው ሄደ። በማግስቱ ከገበያ ሰማያዊ ደብተር ገዛሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ ያለፈውን ዓመት አራተኛነት ጻፍሁበት፤ ከዚያ ሁለቱን ድሎች፥ ቀጥሎም ባለፉት ሳምንታት የሮጠቻቸውን ሦስት ውድድሮች ከነሰዓታቸው፤ አንዱን አሸንፋለች፥ በአንዱ ሦስተኛ ናት፥ በአንዱ ወድቃ ተነሥታ ፈጽማለች። ልጅቱ ስለ መውደቅዋ የጻፍሁትን አንብባ «ይሄም ይጻፋል እንዴ፥ አባባ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይጻፋል አልኋት። ሰባተኛው ውድድር በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ነው።